ሰላምታ የበዛበት መንገድ

አባዬ በሐይቅ ከተማ ዋና መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የእኔን እጅ ለቀው የእህቴን የመዲናን ክንድ ሲይዙ እኔ የአርባ ሰባት ዓመት ሴት ነበርኩ። አርባ ሰባት ዓመት የሞላት፣ ልጅ የዳረች ሴት በአባቷ ትቀናለች ወይ? ትቀናለች። እኔ ቀንቻለሁ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ የልጅ ልጄን አቅፌ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ እንኳ ያችን ጠዋት ሳነሣት እንደ አዲስ እቀናለሁ።

ከሥራዬ ልጀምር፤ ያለ ሥራዬ ቅናቴ አይገባችሁም።

የሥራ ዘመኔን ሁሉ ሰው ሳራምድ ኖርኩ። ስኳር ያለበትን፣ ደም ግፊት ያለበትን፣ ልቡ የደከመበትን፣ ግማሽ ጎኑ ሰንፎ ከአልጋ የተነሣውን፣ ሐኪም «እንቅስቃሴ ያስፈልግሃል» ብሎ የላከውን ሰው ሁሉ እንቀበላለን። «በል እንግዲህ ቤትህ ሄደህ ተንቀሳቀስ» አንለውም። አጠገቡ ሆነን፣ እያየን፣ እየሰማን፣ ሲሮጥ እየገታን፣ ሲለግም እየገፋን እናንቀሳቅሰዋለን። ሥራዬ ይኸው ነበር።

ሰዉ «ሲስተር ዘሀራ» ይለኛል። ሲስተር አይደለሁም። ደሴ ሆስፒታል የተቀጠርኩት በጽዳት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የምወለውለው ክፍል ግን የፊዚዮቴራፒ ክፍል ነበረና ዓይኔ ወለሉ ላይ አይቆይም። ግድግዳው ላይ ቆዳው የተገፈፈ የሚመስል ሰው ሥዕል ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ጡንቻ በባዕድ ፊደል ስም ተጽፎበታል። ማንበብ ስላልቻልኩ የራሴን ስም አወጣሁላቸው። የጭኑን ሞፈር አልኩት፣ የባቱን ድንች። የመጀመሪያዋ አለቃዬ «አንቺ መወልወያሽን ያዢ» ስትለኝ ኖረች። አንድ ቀን ግን ረዳት ቀርቶበት የተቸገረው ባለሙያ «ነይ እስቲ ትከሻውን ደግፊልኝ» አለኝ። እውነተኛው የተቀጠርኩበት ቀን ያ ነው ብዬ እቆጥራለሁ። ባለሙያው ጋሽ ይመር ይባላል።

ከዚያ ወልድያ ጥቂት ሠርቻለሁ። የዚያ አለቃችን በእርዳታ የመጣ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚነዳ ብስክሌት ነበረው። እንዳይበላሽበት በአንሶላ ሸፍኖ ክፍሉን ይቆልፈዋል። በሽተኛ ሲመጣ ቁልፍ ይፈለጋል፣ አንሶላው ይገለጣል፣ ብስክሌቱ ይታያል፣ ተመልሶ ይሸፈናል። እዚያ የተማርኩት ትዕግሥት ብቻ ነው። ጋሽ ይመር ወደ አገሩ ሐይቅ ተመልሶ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ክፍል ሲሰጡት ላከብኝ። የእኔም አገር ናት። ደመወዙ ከወልድያው አይሻልም ነበር፤ ሳልጠይቅ ሄድኩ።

የጋሽ ይመርን አሠራር ልንገራችሁ። ሰላም ካለ በኋላ ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ጫማ» ነው። ሼህ ይሁን ቄስ፣ ባለሱቅ ይሁን ገበሬ፣ መጀመሪያ ጫማውንና ካልሲውን ያወልቃል። ጋሽ ይመር ቁጢጥ ብሎ ለብ ያለ ውኃ ያቀርባል። የውኃውን ሙቀት በክርኑ ይለካል እንጂ «ሞቀህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ስኳር ያደነዘዘው እግር መልስ የለውምና። ጣትን ከጣት ፈልቅቆ ያያል፣ ከውስጥ እግሩ በታች ትንሽ መስተዋት አስገብቶ ያያል፣ በንጹሕ ጨርቅ እየጠቀጠቀ ያደርቃል። ከእርምጃው በፊት አንድ ጊዜ፣ ከእርምጃው በኋላ አንድ ጊዜ። «ይኼ እግር ቆስሎም ደህና ነኝ ነው የሚልሽ» ይለኝ ነበር፤ «አትመኚው።»

ሲያራምድ ደግሞ ከበሽተኛው በስተግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ነው። «ከፊት ከሆንሽ ትጎትቺዋለሽ። ጎን ለጎን ከሆንሽ ይፎካከርሻል። ትንሽ ወደኋላ ቀረት በይ፣ መንገዱ የራሱ ይሁን።» ኪሱ ውስጥ ስኳሩ ድንገት ለወረደበት ሰው ተምር አይጠፋም። ሰዓት አይመለከትም። መነሻ ላይ በቀስታ አምባሰልን ያንጎራጉራል፤ ሰውነት ሲሟሟቅ ወደ ባቲ ይገባል፣ እግሮቹም ሳይነገራቸው ይፈጥናሉ። በሽተኛው አብሮት መዝፈን ከቻለ ፍጥነቱ አንሷል፤ ተጠይቆ መመለስ ካቃተው በዝቷል። እኔ ይኸን ሁሉ በዓይኔ ለቅሜ፣ ቤቴ ሄጄ በባሌ ላይ ተለማምጄ ነው የያዝኩት። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «የሌለብኝን በሽታ ልታድኚልኝ ነው» ይል ነበር።

በቅናት ነገር በሽተኞቻችንም አይታሙም። እትዬ የሺ የሚባሉ ባለ ደም ግፊት ሴት ነበሩን። ከእኔ ጎን ሌላ ሰው ሲሄድ ካዩ ግፊታቸው የሚጨምር ይመስለኛል። «ትናንት ከመሪጌታው ጋር ጥርስሽ ተከፍቶ ነበር» ይሉኛል፤ «ከእኔ ጋር ስትሆኚ ግን ፊትሽ የፍርድ ቤት ፊት ነው።» እስቃለሁ። ውስጤ ግን ደስ ይለዋል። ባለፈው ሳምንት ደጄ ላይ ሆኜ፣ እኒያው እትዬ የሺ በእኔ ቦታ ከተተካችው፣ በዲግሪ ከተመረቀችው ልጅ ጋር እየተሳሳቁ ሲያልፉ አየኋቸው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ነው የምትሄደው። ወደ ቤት ገብቼ መጋረጃውን ዘጋሁት።

እንግዲህ አባዬ።

አባቴን የሐይቅ ሰው ጋሽ ሙሄ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በታንኳ ሲያጠምዱ ኖረው፣ ሲያረጁ ወደ መረብ መጠገን የገቡ ሰው ናቸው። ስኳር እንዳለባቸው ሲነገራቸው «ስኳር በሻይ ነው የማውቀው» ብለው ተነሥተው ወጡ። እኔ ስለጨቀጨቅኳቸው ነው ክሊኒክ መምጣት የጀመሩት። ያራመድኳቸውም እኔ ነኝ፤ ከክሊኒኩ በር በዋናው መንገድ ጥቂት ሄደን፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር የሚወርደውን።

እሳቸውን ማራመድ ማለት ከመላው ከተማ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ማለት ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ይቆማሉ። «እንዴት አደርክ? ልጆች አማን ናቸው? ከብቱስ? ያች ወተት የነሳችህ ላም እንዴት ሆነች?» ባለወፍጮው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ እሳቸው ወደ አማቶቹ ይሻገራሉ። ከልብስ ሰፊው ፊት ይቆማሉ። የመብራት ምሰሶው ሥር ይቆማሉ። ሰዉ «ጋሽ ሙሄ ሰው አክባሪ» ይላል። እኔም ደረቴን ነፍቼ አጠገባቸው እቆማለሁ። የማን ልጅ ነኝ ታዲያ!

ጫማቸውን ግን አላስወለቅኳቸውም። ስንት እግር አጥቤ፣ የአባቴን አላየሁም። «አሁን ነው ውዱእ አድርጌ የመጣሁት» ይላሉ፤ አምናለሁ። በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ እግር ምን ይሆናል? ባለቤቱስ እንዴት አያየውም? ሌላ አገር ያለ ባለሙያ እንዲህ ተሳስቶ እንደሆነ አላውቅም። የእኛ አገር ሰው ግን ይሳሳታል።

በዚህ መሀል መዲና ከጅዳ መጣች።

መዲና ታናሼ ናት። እናታችን ስትሞት ጡት ያልጣለች ነበረች፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዐረብ አገር ሄዳ የሰው ሽማግሌና የሰው አሮጊት ስታነሣ ስትጥል ኖራ፣ ያን ዓመት ሻንጣዋን እየጎተተች ከች አለች። እኔ አባቴን «አንቱ» እያልኩ ነው ያደግሁት። እሷ «አንተ» ትላቸዋለች። «አንተ ሙሄ፣ ናፍቀኸኛል!» ብላ አንገታቸው ላይ ስትጠመጠም እኔ ደንግጬ ወደ እሳቸው አየሁ፤ ይቆጣሉ ብዬ። እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ጀምሮ ቤቱ መዲና ብቻ ሆነ። ሻዩን መዲና ታፍላው፤ መድኃኒቱን መዲና ትስጠኝ። በሳምንቱ ክሊኒክ ድረስ ተከትላን መጣች። ያችን ጠዋት እንደ ወትሮው እጃቸውን ይዤ ከበሩ ስንወጣ አባዬ ቆም አሉ።

«ዛሬ ከመዲና ጋር ልሂድ።»

«አባዬ፣ መዲና ስለዚህ ሥራ ምን ታውቃለች?»

«ምንም አታውቅም» አሉኝ፤ «ለዚያ ነው።»

እጄን ለቀቁ፤ የእሷን ክንድ ያዙ። እትዬ የሺ ከኋላዬ ሆነው «ውይ፣ ዛሬ ደግሞ ተሻርሽ!» አሉኝ። ከእትዬ የሺ ጋር ሄድኩ። የዚያን ቀን ምን እንዳወራን አላውቅም፤ ዓይኔ ፊት ለፊት ነበር። መዲና በቀኝ በኩላቸው ናት፣ እኩል ለእኩል፣ እንደ ጓደኛ። ሁሉም ነገር ስሕተት ነው። አባዬ ግን አንገታቸውን ወደ እሷ አዘንብለው ይስቃሉ።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። ሰላምታው ጭራሽ ባሰ። ድሮ አባዬ ነበሩ የሚቆሙት፤ አሁን መዲና ናት የምትጠራው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ «ኧረ ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» ብላ ባለወፍጮውን ከውስጥ ታስወጣዋለች። ምሰሶው ሥር መንገደኛ ታስቆማለች። እኔ እንግዲህ «ሐብሏን ልታሳይ ነው፣ በሽቶዋ ልታውድ ነው» አልኩ። በልቤ ብቻ አይደለም፤ ለጋሽ ይመርም ነገርኩት።

ጋሽ ይመር በሩን ተደግፎ ዓይኑን አጨንቁሮ መንገዱን ያይ ነበር።

«አባትሽ የሚቆሙበትን ቦታ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ሰው ያለበት ነዋ።»

«አይደለም። ሰዉ ይለዋወጣል፣ ቦታው አይለወጥም። ወፍጮ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ምሰሶ። በመሀላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው። ሰው ሲጠፋ ደግሞ እህትሽ ትጠራለች።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እኔም እንጃ። ነገ ሰው በሌለበት መንገድ ውሰጃቸው። ብቻሽን።»

ብቻሽን የምትለው ቃል እንዴት ጣፈጠችኝ!

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። መዲና ገበያ ወጥታለች። አባዬን ይዤ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው፣ በሐይቁ ዳር በሚያልፈው የእግር መንገድ ገባሁ። ሰዉ በሙሉ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። አባዬ «ዛሬ ሰው ምን ዋጠው?» እያሉ ግራ ቀኝ ያማትራሉ። ጥቂት ሄድን። እኔ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ነኝ። ድንገት ቆሙ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ።

ዞር አልኩ። ሰው የለም። ከሾላው ሥር የታሰረ ቀይ በሬ ነበር።

«ይኼ የሰይድ በሬ አይደለም? እንዴት ከስቷል በአላህ! ምን አገኘህ አንተ? ምነው ገለባ ጠፋ?»

«አባዬ፣ በሬ እኮ ነው።»

«በሬ ቢሆንስ? የጎረቤት በሬ አይደለም?»

ሳቅሁ። ወላሂ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በሬውን ስለ ቀንበሩ፣ ስለ ባለቤቱ፣ ስለ ሣሩ ይጠይቁታል። ሳቄ መሀል ላይ ዝቅ ብዬ አየሁ። የግራ እግራቸውን ተረከዝ ከመሬት አንሥተውታል። ምርኩዙን የጨበጠው እጃቸው ነጭ ሆኗል። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፤ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት ቆይተው እግሩ መሬት ነካ። «በል ደህና ዋል» አሉት በሬውን፤ መንገድ ቀጠልን።

ዝም ብዬ ተከተልኳቸው። የሄድነው ያንኑ ያህል ነው። እንደገና ቆሙ። እዚህ በሬም የለም። ዛፍም የለም። ፊት ለፊታቸው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። አባዬ ድንጋዩን አዩት። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት።

«ይኸንንስ ምን እንበለው፣ አባዬ?» አልኳቸው።

ትከሻቸው ወረደ። «ባቴን ውሻ እንደነከሰው ነው የሚያደርገኝ» አሉ። «ስቆም ይለቀኛል። ስሄድ ይይዘኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መዲና ታውቃለች።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። መዲና ታውቃለች። እኔ ይኸን በሽታ አውቀዋለሁ። የእግር ደም ሥር ሲጠብ ባት እንዲህ ይያዛል፤ ጋሽ ይመር ስንት ጊዜ አሳይቶኛል። የከተማው ሰው ሁሉ አክብሮት ያለው፣ እኔም የኮራሁበት ያ ሁሉ ሰላምታ የባት እረፍት ነበር። ይኸንን ከጅዳ የመጣችው አወቀች፤ እኔ አላወቅሁም።

«ጫማ» አልኩ። ድምፄ የጋሽ ይመር ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ጫማውን ተይው፣ ዘሀራ።»

ተንበረከክሁ። ካልሲው ሲወርድ ከትንሿ ጣታቸው ሥር በነጭ ፋሻ የተሸፈነ ነገር አየሁ። ፋሻው አልተላላ፣ አልጠበቀ፤ ጫፉ አምሮ ገብቷል። የቀናሁት መጀመሪያ በፋሻው ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ፈታሁት። ቁስሉ ጠቁሯል። ሽታው ገና ሳልጎነበስ ደረሰኝ።

ደግፌ፣ እያሳረፍኩ ወደ መንገድ አውጥቼ በባጃጅ ክሊኒክ አደረስኳቸው። ጋሽ ይመር ቁስሉን አየ። ጣቶቹን እግራቸው ጀርባ ላይ አሳርፎ የደም ሥሩን ትርታ ሲፈልግ ብዙ ቆየ። «ዛሬውኑ ደሴ» ብቻ አለ።

ደሴ ላይ ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረን፤ ደም ወደ ታች ካልደረሰ የሚቀጥለው ከጉልበት በታች ነው። ቁስሉ ከዘጋ ግን ይራመዱ፤ በየቀኑ፣ ሰው እያያቸው፣ ሳያታልሉ። የእግራቸው ዕድል ያለው እዚያ ላይ ነው።

መዲናን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያዝኳት።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«አስማለኝ፣ እታለም።»

«ቢያስምልሽስ!»

«ዘሀራ ትቆጣኛለች አለኝ። አንቺን እኮ ይፈራሻል።»

«እኔ ምኔ ነው የሚያስፈራው!» ብዬ ስጮህ ዘበኛው ዞሮ አየኝ።

መዲና ማልቀስ ጀመረች። «አንቺ በየቀኑ ስታይው ነበር። እኔ ስልክ ውስጥ ነው ያረጀብኝ። ስመጣ ጎብጦ አገኘሁት። አንድ ምስጢር ለእኔ ብቻ ሲነግረኝ፣ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።»

ይኸን ሰምቼ ቅናቴ የቀለለ ይመስላችኋል? ባሰ። እንዲህ አሳምሮ መናገሩንም እሷ ናት የቻለችበት። አብረን ግን ተላቀስን፤ ሻይም ገዛሁላት።

ቁስሉ ለመዝጋት ወራት ፈጀ። ያጠበችው፣ የጠረገችው፣ ፋሻ የቀየረችው መዲና ናት። እኔ ልንካው ስል «ተይው፣ መዲና ትመጣለች» ይሉኛል፤ እግራቸውንም ከጋቢው ሥር ይሰበስቡታል። ሲዘጋ ጋሽ ይመር ሰፊ ጫማ አሰፋላቸውና «በሉ እንግዲህ» አለ። መጀመሪያ የያዘቻቸው አሁንም መዲና ናት። አልሆነም። አባዬ ፊታቸውን ገና ሲያጨማድዱ «በቃ፣ በቃ፣ ተቀመጥ» ትላለች። አያስችላትም።

ጋሽ ይመር ሁለታችንንም ጠርቶ ቁጭ አደረገን። «ዋናው የደም ቦይ ደለል ሞልቶታል» አለ። «ውኃው አሁን በጎን በኩል ትንንሽ ቦይ መቅደድ አለበት። መሬቱ ካልጠማው ግን አይቀድም። ያ ህመም ጥማቱ ነው። ህመሙ ድረስ ይሄዳሉ፣ ቆመው ያሳልፉታል፣ እንደገና ይሄዳሉ። ህመሙ ሳይመጣ የሚያስቀምጣቸው ሰው ግን እግራቸውን እየወሰደባቸው ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ዘሀራ ታራምዳቸው። መዲና፣ አንቺ ቤት ጠብቂ።»

አልዋሽም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

አባዬ ግን ልጅነቴን ካዱ። «አንቺ ልጅ አይደለሽም፣ ግብር አስከፋይ ነሽ» ይሉኛል በመንገዱ ላይ። ህመሙን እንዴት እንደሚነግሩኝ ተስማማን። ሲጀምር «ቆሮሶ ነው» ይላሉ፤ ትንሹ ዓሣ። ሲከብድ «አምባዛ ሆነ» ይላሉ፤ ትልቁ ዓሣ። በቆሮሶ አላቆምም። አምባዛ ሲሆን እናቆማለን፤ መቀመጥ የለም፣ ሰላምታም የለም። ሰው ሰላም ሲላቸው እጃቸውን ብቻ ያነሣሉ። ልክ ሰላምታ ከጀመሩ ቆሮሶውን በወሬ ሸፍነው እንደሚያሳልፉት አውቄያለሁ።

«አባዬ፣ አሁንስ?»

«አምባዛ!»

«ዓይንዎ ቆሮሶ ነው የሚለኝ።»

«ያ አላህ፣ ይችን ልጅ ማን ወለዳት?»

«እርስዎ።»

እትዬ የሺ «አባቷን እንደ እስረኛ ይዛ ትዞራለች» ብለው አስወሩብኝ። ከእርምጃው ስንመለስ መዲና በሩ ላይ ትጠብቃለች። አባዬ ክንዷን ይዘው፣ ለእኔ ጀርባቸውን ሰጥተው ይገባሉ። እግሩን አጥባ የምታየው እሷ ናት። ነገ ጠዋት ደግሞ እኔ እመጣለሁ፤ ፊታቸው ይጠቁራል።

አምባዛው ግን እየራቀ ሄደ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ምሰሶው ጋ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ። አንድ ቀን ከክሊኒኩ በር ተነሥተን ሐይቁ ዳር ድረስ ሳንቆም ወረድን። አባዬ ውኃው ዳር ቆመው ታንኳዎቹን አዩ። እኔ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቆምኩ።

ከዚያ የመጣው ጣጣ ሌላ ነው። ባለወፍጮው ተቀየመ። «ጋሽ ሙሄ ስንት ዘመን ደጄ ላይ ቆመው ከብቴን ሳይቀር ሲጠይቁኝ ኖረው፣ ዛሬ እጃቸውን አወዛውዘው ያልፉኛል። ምን በደልኳቸው?» ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጥተው በዱዓ ጀመሩ፤ ነገሩን በጨዋ ደንብ አቀረቡ። አባዬ ጋቢያቸውን ገልጠው እግራቸውን አሳዩ።

«አልተቀየምኩም። እግሬ ድኖልኝ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ሳቁ፤ አላህን አመሰገኑ። አንደኛው «እንዲያው ማን አዳነዎት?» አለ።

እኔ የሻይ ብርጭቆ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«መዲናዬ» አሉ አባዬ። «መዲናዬ ናት። ቁስሌን የጠረገችው እሷ ናት።»

ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ጋሽ ይመር በማግሥቱ ነገሩን ሲሰማ ለማጽናናት አልሞከረም። «ጠጋኝ ይወደዳል» አለኝ፤ «ገፊ ግን አይወደድም። እኔን የሚወደኝ በሽተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?» እውነቱን ነው። ሁሉም ነበር የሚፈራው። ሲሞት ግን ያራመዳቸው ሰዎች በሙሉ በእግራቸው ነው የቀበሩት። እዚያም ቀናሁ፤ እኔንስ ማን ይሸኘኝ ይሆን ብዬ።

መዲና በዓመቱ ወደ ጅዳ ተመልሳ ሄደች። ቤት ውስጥ ተሰነባበትን። ሻንጣዋን እኔ አሰርኩላት፤ ፋሻ እንዴት እንደምትጠቀልልም በመጨረሻው ቀን አሳየችኝ፣ ሳልጠይቃት። መናኸሪያ ድረስ የሸኟት አባዬ ናቸው። እኔ ሥራ አለኝ ብዬ ክሊኒክ ገባሁ።

ረፋዱ ላይ ከበሩ ሆኜ ሲመለሱ አየኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። ምሰሶውን አለፉ፣ ልብስ ሰፊውን አለፉ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፉ። ወደ ቤት የሚታጠፈውንም መንገድ አለፉት። ወደ ግቢው ገብተው፣ ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ በሽተኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የግራ ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውን አውልቀው ጫማው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ እግራቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።